በኖብልስ ካውንቲ ግብሬን የሚወስነው፣ መንገዴን የሚጠርገው ማን ነው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ከዎርዝንግተን ከተማ ወሰን ጥቂት ወጣ ብሎ ቤት ገዝተዋል፤ የሚሠሩት በአሳማ ማረጃው ፋብሪካ ነው። በኖቬምበር በፖስታ የደረሳቸው የግብር ወረቀት ካውንቲ (የግዛቱ ንዑስ አስተዳደር)፣ ታውንሺፕ (ከከተማ ውጭ ያለ አነስተኛ የገጠር አስተዳደር)፣ የትምህርት ዲስትሪክት እያለ በየመስመሩ የተለያየ ገንዘብ ያሳያል። በረዶ ሲወርድ መንገዱን የሚጠርግ አጥተው ቢደውሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተልከዋል። «የሚያስተዳድረኝ ማን ነው? ለዚህ ለትንሽ ሕዝብ ይህን ያህል ሹም ለምን አስፈለገ? ዜግነት ባይኖረኝስ የሚሰማኝ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የሙያ ሕይወቴን ያሳለፍኩት በመሬት መዝገብና በንብረት ግብር ሥራ ስለሆነ ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። መልሱን ከታሪኩ ነው የምጀምረው። ካውንቲው የተሰመረው ለመሬት ነው፤ ሕዝቡ የመጣው ከመስመሩ በኋላ ነው። አስተዳደሩም እስከ ዛሬ በመጀመሪያ የሚያየው መሬትን ነው። ይህን የያዘ ሰው የግብር ወረቀቱ አያስቸግረውም። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኖብልስ ካውንቲ በወረቀት ላይ የተፈጠረው በ1857 ነው። ሚኒሶታ ራሷ ገና ሙሉ ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ ሳትገባ፣ የዚያን ጊዜው ሕግ አውጪ ምክር ቤት ወሰኑን ወሰነ፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን የጋሪ መንገድ በመቀየስ በሚታወቀው በዊልያም ኖብልስ ስምም ሰየመው። ምድሩ ግን ባዶ አልነበረም። የአገሬው ተወላጅ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ አገር ነበር። በ1851 በትራቨርስ ዴ ሱ እና በሜንዶታ በተፈረሙት ውሎች ዳኮታዎች የደቡብ ሚኒሶታን መሬት አሳልፈው እንዲሰጡ ተደረገ፤ የተስፋው ክፍያና ምግብ በወቅቱ ሳይደርስ ቀርቶ ረሃብ ሲጠና በ1862 ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን 38 የዳኮታ ወንዶች በማንካቶ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። በ1863 ኮንግረሱ ውሎቹን ሽሮ ዳኮታዎችን ከግዛቱ አስወጣ። በመሬት መዝገቡ ላይ የምናነበው የባለቤትነት ሐረግ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የካውንቲውን ታሪክ ከሰፋሪዎች ጋሪ የሚጀምሩ ጽሑፎች የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ቀደዱ እቆጥራለሁ።

ከዚያ ቀያሾች መጡ። ምድሩን ኮረብታና ጅረት ሳይሉ በአራት ማዕዘን ከፋፈሉት። አንዱ ታውንሺፕ ስድስት ማይል በስድስት ማይል ነው፤ በውስጡ 36 ሴክሽኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ሴክሽን አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ ማለትም 640 ኤከር ነው። ኖብልስ ካውንቲ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አምስት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አራት፣ በድምሩ 20 ታውንሺፕ ሆኖ 720 ካሬ ማይል ያህል ይሸፍናል። በየታውንሺፑ 16ኛውና 36ኛው ሴክሽን ለትምህርት ተለይተው ነበር፤ ገቢያቸው ዛሬም ድረስ ለሚዘልቀው የግዛቱ ቋሚ የትምህርት ፈንድ ሆነ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ሴክሽኖች ደግሞ መንግሥት ለባቡር ኩባንያዎች እየሰጠ ሐዲድ አዘረጋባቸው። በሌሎቹ ላይ የ1862ቱን የሆምስቴድ ሕግ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ለአምስት ዓመት ኖሮበትና አርሶ እስከ 160 ኤከር የራሱ ማድረግ ይችል ነበር።

በ1870 ካውንቲው ሥራውን ሲጀምር በሕዝብ ቆጠራው የተገኘው 117 ሰው ብቻ ነው። ለ117 ሰው ሃያ ታውንሺፕ! ጠያቂው «ለትንሽ ሕዝብ ይህን ያህል ሹም» ያሉት ግርምት መልሱ እዚህ ላይ ነው። አስተዳደሩ የተለካው በነበረው ሕዝብ ልክ ሳይሆን ይመጣል ተብሎ በታሰበው ገበሬ ልክ ነው፤ በየሩብ ሴክሽኑ አንድ ቤተሰብ ይሰፍራል ተብሎ ነበር።

ሰው ያመጣው ባቡሩ ነው። በ1871 ብሔራዊ የሰፈራ ኩባንያ የተባለ ማኅበር፣ በክሊቭላንዱ ፕሮፌሰር ሃሚስተንና በቶሊዶው ጋዜጠኛ ሚለር መሪነት፣ በኦካቢና ሐይቅ ዳር ዎርዝንግተንን ቆረቆረ። ማኅበሩ መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ ለመመሥረት የተነሣ ነበር፤ በራሪ ወረቀት እየበተነ ከምሥራቅና ከኦሃዮ ሰው ሰበሰበ። በስተምዕራብ ያለችው ኤድሪያን የተቆረቆረችው በ1876 ነው፤ እዚያ ደግሞ ጳጳሱ ጆን አየርላንድ ከባቡር ኩባንያው መሬት እየተረከቡ ካቶሊኮችን አሰፈሩ። ኖብልስ በድርጅት ተጠርቶ፣ ሥራና መሬት ተስፋ ተደርጎለት በሚመጣ እንግዳ የተሞላ ካውንቲ ነው። ይህ የእርስዎም ታሪክ ስለሆነ አስምሬበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ገና እግራቸውን ሳይተክሉ አንበጣ ወረዳቸው። ከ1873 እስከ 1877 በተከታታይ እህሉን ጨረሰው። በድሃ ካውንቲ ግብር የሚከፍል ሰው ሲጠፋ አስተዳደሩም አብሮ ይራቆታል፤ ዘር ለመግዛት የግዛቱ እጅ ይታይ ነበር። ገዥው ጆን ፒልስበሪ ኤፕሪል 26 ቀን 1877ን የጸሎት ቀን ብለው አወጁ፤ አንበጣውም በዚያ ዓመት በበጋው ለቆ ሄደ። በ1880 ቆጠራ ሕዝቡ 4,435 ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ሹማምንቱ። በሚኒሶታ 87 ካውንቲዎች አሉ። ካውንቲ የግዛቱ መንግሥት ክንድ ነው፤ ግዛቱ ያወጣውን ሕግ በየአካባቢው ያስፈጽማል። የመሬት መዝገብ፣ የንብረት ግመታ፣ የግብር አሰባሰብ፣ ምርጫ፣ የድጋፍና የሕፃናት ደኅንነት አገልግሎት፣ የሕዝብ ጤና፣ እስር ቤት፣ ዋና ዋና የገጠር መንገዶች የእርሱ ናቸው። የበላይ አካሉ ከአምስት ቀጠናዎች የሚመረጡ አምስት ኮሚሽነሮች ያሉበት ቦርድ ነው፤ የሥራ ዘመናቸው በመደበኛው አራት ዓመት ነው። ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) እና የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ግን በቦርዱ አይሾሙም፤ ሕዝብ ራሱ ይመርጣቸዋል። ስለዚህ ኮሚሽነሩ ሸሪፉን «እንዲህ አድርግ» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ በጀቱን ግን ይወስናል።

ከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። ቤትዎ ከከተማው ወሰን ውጭ ከሆነ ግን ከተማው አያስተዳድርዎትም፤ ታውንሺፕ ነው ያለዎት። ታውንሺፕ ሦስት ወይም አምስት ሱፐርቫይዘሮች፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ ያሉት፣ በአብዛኛው ቢሮ የሌለው መንግሥት ነው። የትምህርት ዲስትሪክቱ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ የቆመ ነው፤ የራሱ የተመረጠ ቦርድ፣ የራሱ የግብር ሥልጣን፣ ከካውንቲውም ከከተማውም ጋር የማይገጥም የራሱ ወሰን አለው። በአንድ መሬት ላይ ሦስትና አራት መንግሥት ተደራርቧል ማለት ነው፤ የግብር ወረቀቱ መስመር የበዛው ለዚህ ነው።

የበረዶው ጉዳይ ቀላል ነው። ሰማያዊ ባለ አምስት ማዕዘን ምልክት የተተከለበት መንገድ የካውንቲው ነው። ቤትዎ ፊት ያለው ተራ የጠጠር መንገድ ከሆነ በአብዛኛው የታውንሺፑ ነው፤ ብዙ ታውንሺፖች የራሳቸው መጥረጊያ መኪና ስለሌላቸው ሥራውን ለካውንቲው ወይም ለግል ሰው በውል ይሰጣሉ። የሚደውሉት ለታውንሺፑ ጸሐፊ ነው፤ ስልኩን የካውንቲው ኦዲተር ቢሮ ይሰጥዎታል።

ግብሩ ግን ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ሲናደድ አይቻለሁና። በየዓመቱ ንብረትዎ ጃንዋሪ 2 ቀን ያለው ዋጋ ተገምቶ በጸደይ ወራት ማስታወቂያ ይላክልዎታል። ያ ግምት የሚያገለግለው ለሚቀጥለው ዓመት ግብር ነው። ቀጥሎ ካውንቲው፣ ታውንሺፑና ትምህርት ቤቱ እያንዳንዳቸው «ለዓመቱ ይህን ያህል ገንዘብ እንሰበስባለን» ብለው ድምሩን ይወስናሉ። ከዚያ ያ ድምር በወሰናቸው ውስጥ ባለው ንብረት ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። እንግዲህ የቤትዎ ግምት ስላደገ ብቻ ካውንቲው ተጨማሪ ገንዘብ አያገኝም። የእርስዎ ቤት ግምት ከሌላው ንብረት ፈጥኖ ካደገ ግን ከድምሩ የእርስዎ ድርሻ ይሰፋል። የእርሻ መሬት ዋጋ ሲተኮስ ሸክሙ ወደ ገበሬው ይዞራል፤ የቤት ዋጋ ሲተኮስ ደግሞ ወደ እርስዎ።

በኖቬምበር የሚመጣው ወረቀት የታቀደውን ግብር የሚያሳይ እንጂ የመጨረሻው ሂሳብ አይደለም። በእርሱ ላይ ከኖቬምበር 24 በኋላ በምሽት የሚደረግ ሕዝባዊ ስብሰባ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ያገኛሉ። ብዙ ሰው እዚያ ሄዶ «ቤቴ ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ ይከራከራል፤ ቦርዱም ዝም ብሎ ሰምቶ ያሰናብተዋል። በዚያ ምሽት መነጋገር የሚቻለው ስለ በጀቱ ብቻ ነው። የግምቱ ክርክር በጸደይ፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ፣ በአካባቢው የይግባኝ ስብሰባ አልፏል፤ ከዚያ ያልረካ በጁን ወደ ካውንቲው የይግባኝ ቦርድ ይሄዳል። ለታክስ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ደግሞ ግብሩ በሚከፈልበት ዓመት እስከ ኤፕሪል 30 ነው። እባክዎ የጸደዩን ማስታወቂያ ሳይከፍቱ አይጣሉት፤ ከሁሉም ደብዳቤ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ሌላም አለ። ባለቤት የሚኖርበት ቤት «ሆምስቴድ» ተብሎ ከተመዘገበ ከግብር የሚነሣለት ዋጋ አለ። ምዝገባው በራሱ አይሆንም፤ ቤቱን ገዝተው ከገቡ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ለካውንቲው ገማች ቢሮ ማመልከት አለብዎት። ቤት ሻጩ ተመዝግቦ ነበር ብለው አይተማመኑ፤ የእርሱ ምዝገባ ለእርስዎ አይተላለፍም። በወገኖቻችን ዘንድ በየዓመቱ የሚባክን ገንዘብ ቢኖር ይህ ነው።

ጠያቂው በወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ ያዩት የትምህርት ቤት መስመር የዎርዝንግተንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ይዟል። የካውንቲው ሕዝብ ከ1960 በኋላ እየቀነሰ በ1990 ወደ 20,098 ወርዶ ነበር። እርሻው በማሽን እየሰፋ፣ ገበሬው እያነሰ፣ ወጣቱ ወደ ትልቅ ከተማ እየሄደ ብዙ የገጠር ካውንቲ በዚያው ቀጥሏል። ኖብልስ ግን ተመለሰ፤ በ2020 ቆጠራ 22,290 ሰው ተገኝቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ 13,947 የዎርዝንግተን ነው። የመለሱት ወደ ማረጃው ፋብሪካ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ፣ ከላኦስ፣ ከምያንማር፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ። ፋብሪካው በ2007 በብራዚሉ የሥጋ ኩባንያ በጄቢኤስ እጅ የገባው የስዊፍት ኩባንያ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2006፣ የፌዴራል የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ስድስት የስዊፍት ፋብሪካዎችን በአንድ ጠዋት ከብበው ወደ 1,300 ሰው ሲይዙ ዎርዝንግተን አንዷ ነበረች። በኤፕሪል 2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ፋብሪካው ለጊዜው ሲዘጋ የአካባቢው አሳማ አርቢ መሸጫ አጣ፤ ገበሬውና ሠራተኛው በአንድ ገመድ እንደ ተሳሰሩ ያን ጊዜ ለሁሉም ታየ።

ሠራተኛ ሲመጣ ልጆች አብረው ይመጣሉ። ክፍሎቹ ጠበቡ፤ ዲስትሪክቱ ለግንባታ በቦንድ ለመበደር ሕዝቡን ድምፅ ጠየቀ። ከ2013 ጀምሮ አምስት ጊዜ ጠይቆ አምስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ያለፈለት በስድስተኛው፣ በኖቬምበር 2019 ነው፤ ያውም በጠባብ ልዩነት።

ይህን ታሪክ ብዙዎች «ገበሬዎቹ ስደተኛ ስለሚጠሉ ነው» ብለው ይደመድሙታል። እንዲህ ዓይነት ጥላቻ አልነበረም አልልም፤ በዚያ ዘመን በአደባባይ የተነገረው ሁሉ ለአፍ የሚመች አልነበረም። ነገር ግን የግብር ሕጉን ሳያዩ መፍረድ ልክ አይደለም። በሚኒሶታ ትምህርት ቤት ለመምህራን ደመወዝና ለዕለት ወጪ ተጨማሪ ግብር በድምፅ ሲያስወስን የእርሻ መሬት አይነካም፤ የገበሬው መኖሪያ ቤትና በዙሪያው ያለ አንድ ኤከር ብቻ ይቆጠራል። ለሕንፃ ቦንድ ሲሆን ግን መሬቱ በሙሉ ይገባል። ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ያለው ሰው በዓመት ጥቂት ሲጨምር፣ አጠገቡ ብዙ መቶ ኤከር የሚያርስ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጨምራል፤ ልጆቹ አድገው ከትምህርት ቤት ቢወጡም። ምርቱ ዋጋ ባጣበት ዓመት መሬቱ በወረቀት ላይ ውድ ሆኖ ይቆያል፤ ግብሩ የሚጠየቀውም በወረቀቱ ዋጋ ነው።

የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ይህን አይተው በ2017 አንድ መፍትሔ አወጡ። ከትምህርት ቤት ሕንፃ ዕዳ ላይ በእርሻ መሬት ላይ ከሚወድቀው ድርሻ 40 ከመቶውን ግዛቱ እንዲከፍል አደረጉ፤ በ2019 ሕጉን አሻሽለው ድርሻውን በየዓመቱ እያሳደጉ ከ2023 ጀምሮ 70 ከመቶ አደረሱት። የዎርዝንግተን ድምፅ በ2019 መጨረሻ የተለወጠበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው አይባልም። የዘመቻው ሥራ፣ አዳዲስ መራጮች፣ የመታከት ስሜትም አሉበት። ሆኖም በገጠሩ ታውንሺፕ ጎረቤትዎ የሆነው ገበሬ ለምን በቦንድ ላይ እንደሚቆጣ ለማወቅ ከፈለጉ ከዚህ ሕግ ይጀምሩ፤ እርሱም የእርስዎን ልጆች የክፍል ጥበት እንዲያይ በተመሳሳይ ትዕግሥት ይንገሩት።

ከእርሻው ሳንወጣ፣ በወረቀትዎ ላይ የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ክፍያ ካዩ አይደንግጡ። ይህ ምድር ቀድሞ ረግረግና ኩሬ የሞላበት ነበር፤ ዛሬ ለበቆሎና ለአኩሪ አተር የተመቸው ከመሬት በታች በተቀበሩ ቱቦዎችና በጋራ ቦዮች ስለተጠነፈፈ ነው። ቦዩን የሚያስተዳድረው የካውንቲው ቦርድ ነው፤ ወጪውን የሚከፍሉት ግን ውኃቸው በዚያ ቦይ የሚፈስ ባለመሬቶች ብቻ ናቸው። በ2015 የወጣው ሕግ በሕዝብ ቦዮች ዳር 16.5 ጫማ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር በአማካይ 50 ጫማ የሚሆን ሣር እንዲተው ያስገድዳል። ጓሮዎ ቦይ የሚያዋስነው ከሆነ ከማረስዎ ወይም አጥር ከማጠርዎ በፊት የካውንቲውን ባለሙያ ያነጋግሩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ዜግነት ነበር። ዜጋ ያልሆነ ሰው በሚኒሶታ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ መመዝገብም የለበትም፤ በስሕተት የተመዘገበ ሰው በኋላ በዜግነት ማመልከቻው ላይ ከባድ ችግር ይገጥመዋል። በንብረት ግብር ጉዳይ ግን መብቱ የባለንብረትነት ነው። ግምትን መቃወም፣ ሆምስቴድ ማስመዝገብ፣ በበጀት ስብሰባ ቀርቦ መናገር ዜግነት አይጠይቁም። የካውንቲው፣ የታውንሺፑና የትምህርት ቦርዱ ስብሰባዎች በሕግ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ቃለ ጉባኤውንም ጠይቆ ማንበብ ይቻላል። ሸሪፉን በተመለከተ፣ በ2018 በኖብልስ ካውንቲ በቀረበ ክስ ዳኛው ከእስር ሊለቀቅ የሚገባውን ሰው በፌዴራል ኢሚግሬሽን ጥያቄ ብቻ ይዞ ማቆየትን አግደዋል፤ ዛሬ የራስዎ ወይም የቤተሰብዎ ጉዳይ ካለ ግን ከእኔ ይልቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

ዜጋ ከሆኑና በታውንሺፑ ውስጥ በመራጭነት ከተመዘገቡ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ መብት አለዎት። በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛ ማክሰኞ በሚኒሶታ ታውንሺፖች ሁሉ ዓመታዊ ጉባኤ ይደረጋል። እዚያ የታውንሺፑን ግብር የሚያጸድቁት ሱፐርቫይዘሮቹ አይደሉም፤ የተገኙት ነዋሪዎች እጅ አውጥተው ይወስናሉ። የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አያልፍም። ስለዚህ የጠጠር መንገድዎ በረዶ ጠረጋ ለማን በውል እንደሚሰጥና ስንት እንደሚመደብለት ለመናገር ከማርች የተሻለ ጊዜ የለም፤ ቦታውንና ሰዓቱን ከጸሐፊው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከጎረቤቶችዎም ሁለት ሦስቱን ይዘው ይሂዱ።